የዥዋዥዌው ሰባተኛ ደርሶ መልስ

የነገሩ ሰዎች አምስት ነን። ጋሽ ከድር፣ ካዛንቺስ ውስጥ የብረት ሥራ ቤት የነበራቸው አሠሪዬ። ወይዘሮ ጽጌ፣ በእግር አሥር ደቂቃ ርቀት ላይ ያለ ትምህርት ቤት ርእሰ መምህርት። ሐያት፣ የዚያ ትምህርት ቤት የአንደኛ ክፍል ተማሪ። ሜሮን፣ ልጄ፣ እዚያው አራተኛ ክፍል ነበረች። አምስተኛው እኔ ነኝ፣ በየነ፣ በያጅ።

ሥራ በጀመርኩበት ቀን ጋሽ ከድር የብረት መጋዝ ሰጥተው ብረት ጠፍሮ የሚይዘው ሞርሳ ፊት አቆሙኝ። "በልክ ቁረጥ፤ ብረት እንደ ጨርቅ አይሳብልህም" አሉኝ። ከሃያ ቱቦ ሦስቱ አጠሩብኝ። በማግስቱ ሜክሲኮ ሄጄ አንድ አሮጌ የሒሳብ መጽሐፍ ገዛሁ። ትምህርት ያቋረጥኩት ከስድስተኛ ክፍል ነው። ከረዳትነት ወደ በያጅነት፣ ከዚያም ወደ ፎርማንነት ያደረሰኝ ያ መጽሐፍ ነው። ትዕቢትም አሳደረብኝ።

በዘጠናዎቹ አጋማሽ የልጆች መጫወቻ መሥራት ጀመርን። መጀመሪያ የሠራሁት ሁለት ልጆች ከዳርና ከዳር ተቀምጠው ከፍ ዝቅ የሚሉበትን ነው። ወፍራሙ ልጅ ወደ መሐል ጠጋ ካለ ቀጭኑ እኩል ይሆነዋል፤ ክብደት በርቀት ሲባዛ ማለት ነው። ይህን ለጋሽ ከድር በጠመኔ ግድግዳው ላይ አስረዳኋቸው።

"እኔና አንተ ብንቀመጥስ?" አሉ ሆዳቸውን መታ መታ እያደረጉ።

"እርስዎ መሐሉ ላይ፣ ጋሼ። እኔ እስከ መስቀል ፍላወር ርቄ።"

ሥራ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ በኋላ "ኢንጂነር" ይሉኝ ጀመር። እኔም ስሙን ወደድኩት።

ወይዘሮ ጽጌ ከፍ ዝቁን ገዝተው ዥዋዥዌም አዘዙ። ባንድ አግዳሚ ላይ ሁለት፣ አንዱ ለትልልቆቹ፣ አንዱ ለትንንሾቹ። የትልልቆቹን ሰንሰለት ሁለት ሜትር፣ የትንንሾቹን አንድ ሜትር ተኩል አደረግሁ። የትንንሾቹ ያጠረው ጉብታ ላይ ስለሚውል ነው፤ መሬቱ ወጣ ገባ ነበር። ሰንሰለቶቹ የሚንጠለጠሉባቸውን አራት ቀለበቶች ከአግዳሚው ጋር በየድኳቸው።

ጋሽ ከድር ቀና ብለው አዩና "ከጎንና ከጎን በላሜራ አስደግፋቸው እንጂ" አሉ።

"ዥዋዥዌ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ነው የሚሄደው፣ ጋሼ። ወደ ጎን የሚስበው ኃይል ዜሮ ነው።" ዜሮውን ግድግዳው ላይ ጻፍኩላቸው። መዳፍ የማያክሉ ስምንት ቁራጭ ላሜራ ነበር የጠየቁኝ።

"እንግዲህ አንተ ታውቃለህ" ብለው ሄዱ።

ሐያት ከዥዋዥዌው የወደቀችው በሁለተኛው ወር ነው። ተጠርቼ ትምህርት ቤቱ ስደርስ ወደ ሐኪም ቤት ወስደዋታል። አንዱ ቀለበት ተነቅሎ ሰንሰለቱ መሬት ላይ ተዘርግቷል።

"አቶ በየነ" አሉ ወይዘሮ ጽጌ፣ "ይህን ጨዋታ ያመጣችው ልጅዎ ናት። ልጆቹን ሁሉ ጠይቄያለሁ። ከዚህ በኋላ እኔ ጋ አትማርም።"

ሜሮንን በልጆቹ ፊት በጥፊ መታኋት። ምን እንዳደረገች የጠየቅኳት ከመታኋት በኋላ ነው።

"እኔ የቆጠርኩት ብቻ ነው፣ አባዬ" አለች። "አብረው ሲለቀቁ አጭሩ ይቀድማል። አጭሩ ሰባት ደርሶ መልስ፣ ረጅሙ ስድስት ሲሆን እንደገና ይገናኛሉ። ሁልጊዜ። ሰባት ስል እጅ ይያያዛሉ። ቀድሞ የለቀቀ ይሸነፋል።"

"ሐያትስ?"

"ሐያት አትለቅም።"

መሰላል አስመጥቼ ወጣሁ። ብየዳው ወደ ጎን ነበር የተቀደደው። ሥራ ቤት ተመልሼ ሁለት ሰንሰለት በዚያው ልክ ሰቀልኩ፣ እኩል ብረት አሰርኩባቸውና ባንድነት ለቀቅኳቸው። ሰባትና ስድስት ላይ ተገናኙ። ደገምኩት። ያው ነው። እጅ ለእጅ የተያያዙት ልጆች ከዚያ በኋላ እኩል አይሄዱም፤ አንዷ ስትመጣ ሌላዋ ትሄዳለች፣ ጉተታውም ወደ ጎን ይሆናል። ዜሮ ያልኩት እሱን ነው።

ጋሽ ከድር በሩን ዘጉ። "ስማ በየነ። ዕቃው እጅ ለመያያዝ አልተሠራም በል። ሐሰት አይደለም።"

"ልጄን ያባርሯታል፣ ጋሼ።"

"ሌላ ትምህርት ቤት ሞልቷል። እኔ ሌላ ሥራ ቤት የለኝም።"

በማግስቱ በወይዘሮ ጽጌና በሐያት ወላጆች ፊት ስለ ስምንቱ ላሜራ ተናገርኩ። ጋሽ ከድር እንዳዘዙኝና እምቢ እንዳልኩም ተናገርኩ። የሐያት አባት አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ፦ "ልጆቹ ሲጫወቱ መጥተህ አይተህ ታውቃለህ?"

"አላውቅም" አልኩት።

ለልጆች ዕቃ የምትሠሩ ሁሉ፣ ዕቃውን ካቆማችሁ በኋላ ሂዱና ሲጫወቱበት እዩ። የሚሸከመውን ክብደት ማስላት ግማሽ ሥራ ነው።

የሐያት ግራ ክርን ዳግመኛ ቀጥ አላለም። ጋሽ ከድር ማሳከሚያውን ከፈሉ፤ ከዚያ ወዲህ አንድም ትምህርት ቤት አላዘዛቸውም። ወይዘሮ ጽጌ ከፍ ዝቁን ሳይቀር አስነቅለው ግቢውን ባዶ አደረጉት። እኔ ፎርማንነቱን ለቅቄ በሌላ ሰው ሥራ ቤት ረዳት ሆንኩ። ሜሮን አልተባረረችም። የሒሳብ ውጤቷ ግን በዚያው ዓመት ወረደ፤ ክፍል ውስጥ ሒሳብ ብትጠየቅም "አላውቅም" ትል ነበር። መልሱን እንደምታውቅ እኔ አውቃለሁ።