የውስጡን ጠርዝ ብቻ

ነርሷ የተጣበቀ ፋሻ በደረቁ አትነቅልም። ለብ ያለ የጨው ውሃ ታንጠባጥብበትና እስኪርስ ድረስ ቁጭ ብላ ትጠብቃለች። ሌሎቹ ነርሶች ወረፋው ሲረዝም ሳብ አድርገው ይገላገሉታል። እሷ ግን በደረቁ የተነሣ ፋሻ ትናንት የበቀለውን ቆዳ ይዞ እንደሚነሣ ስለምታውቅ፣ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ስትጠብቅ ኖራለች። ሕመምተኞቿ «እጀ ለስላሳ» የሚሏት ለዚህ ነው። የቁስል ማጠቢያ ክፍሏ አንድ አልጋ፣ አንድ ክብ ወንበር፣ ጎማው የሚንጫጫ ጋሪና ወደ ግቢው የሚያይ መስኮት አለው።

ከደንበኞቿ ሁሉ የቆየው በያጁ ነው። ገና ወጣት ሳለ፣ የሚሠራበት ጋራዥ ወለል ላይ የፈሰሰ ቤንዚን ተቀጣጥሎ ግራ እግሩን ከቁርጭምጭሚቱ በላይ አቃጠለው። ጠባሳው በወጉ የደነደነበት ጊዜ የለም፤ ይድናል፣ ይሰነጠቃል፣ እንደገና ይድናል። እሷ ዘንድ መመላለስ ከጀመረ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖታል፤ በየማክሰኞው፣ ከምሳ በፊት።

«ሲስተር፣ ይሄ እግር ያንቺ ነው የኔ?» ይላታል አልጋው ላይ እየወጣ።

«ያንተ ቢሆንማ በሳሙና ታጥበው ነበር።»

«ሚስቴም ይችኑ ነው የምትለኝ። ተማክራችኋል እንዴ?»

ለእሱ ብላ የጀመረችው አንድ ልማድ ነበራት። በወር አንድ ቀን ንጹሕ ላስቲክ ቁስሉ ላይ ታነጥፍና የቁስሉን አፍ ዙሪያውን በማርከር ትስላለች። ቀን ጽፋበት ፋይሉ ውስጥ ታኖረዋለች። ያለፈው ዓመት ሊያልቅ ሲል፣ በያጁ ሁለት ላስቲኮች አንሥቶ ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዛቸው።

«ከእንቁላል ወደ ባቄላ ወረድን በያ!»

ደስ አላት። መዝገቡ ላይ «ሥጋ እየሞላ ነው» ብላ ጻፈች። በቀጣዩ ወርም ያንኑ ደገመችው፤ እንዲህ እያለች ስምንት ወር ሞላት። ሐኪም እንዲያየው መላክ እንዳቃታት ማመን ይመስላት ነበር። በዚያ ላይ እየጠበበ ያለን ቁስል ይዞ ማን ሐኪም ያስቸግራል?

የቁስሉ ጠርዝ ግን ከፍ ከፍ ብሎ ነበር። ተቆልሏል፣ ጠንከር ብሏል፣ ጥጥ ሲነካው ይደማል። አይታዋለች። አዲስ ሥጋም ቀይ ነው፣ አዲስ ሥጋም ይደማል ብላ አለፈችው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላሉ፤ እዚህ ግን ያልጠረጠረችው እሷ፣ የሚመነጠረው እሱ ሆነ።

አንድ ማክሰኞ እህቷ ታማባት ከሥራ ቀረች። በያጁን ያየችው ለክሊኒኩ አዲስ የሆነች ወጣት ሐኪም ነበረች። ሐኪሟ ከጠርዙ ጥቂት ቆርጣ ለምርመራ ላከች። ውጤቱ በሦስተኛው ሳምንት ሲመጣ ነርሷን ቢሮዋ አስጠራቻት።

«ይቀመጡ፣ ሲስተር። የቆዳ ካንሰር ነው።»

ነርሷ አልተቀመጠችም። «እየዳነ ነበር እኮ።»

«መዳን ይመስላል። ቆዳችን ከሥሩ፣ ከፀጉራችንም ሥር፣ ግንደ ሕዋሳት አሉት። በደህናው ቀን የሚረግፈውን ቀስ እያሉ ይተካሉ። ስንቆስል ደግሞ ይነሡና ይሯሯጣሉ፤ ቁስሉ ሲዘጋ ይረጋጋሉ።»

«ካልተዘጋስ?»

«ዕረፍት የላቸውም። ይባዛሉ፣ ይባዛሉ። በተባዙ ቁጥር የዘር መመሪያቸውን መቅዳት አለባቸው፤ ሲቀዱ ደግሞ ስሕተት ይገባል። ሰውነት አብዛኛውን ያርመዋል። ብዙ የቆየ ቁስል እዚህ አይደርስም። አንዳንዱ ላይ ግን ስሕተት በስሕተት ላይ ይደረብና፣ በቃ ቢሉት የማይሰማ ሕዋስ ይወለዳል። እሱ የሚያበቅለው ጥገና አይደለም።» ሐኪሟ ወረቀቱን አገላበጠች። «ቀደም ብሎ ቢታይ ኖሮ…» አለችና ተወችው።

ነርሷ ክፍሏ ተመልሳ የበያጁን ፋይል አወጣች። ላስቲኮቹን በየቀናቸው አልጋው ላይ ደረደረቻቸው። እውነትም እንቁላሉ ባቄላ ሆኗል። የሳለችው ግን የውስጡን ጠርዝ ብቻ ነበር። ቁልሉ ወደ ውስጥ ሲገፋ ጉድጓዱ ጠቧል፤ ወደ ውጭ ምን ያህል እንደሄደ አንዱም ላስቲክ አይናገርም። ያን ሁሉ ዓመት ስትለካ የኖረችው ጉድጓዱን እንጂ ቁስሉን አልነበረም።

በሚቀጥለው ማክሰኞ በያጁ መጣ። ሐኪሟ ውጤቱን ነግራዋለች። ስለ ስምንቱ ወር ግን ያነሣ የለም፤ ነርሷ ዝም ብትል የሚጠይቃት አልነበረም። ውሃውን አንጠባጠበች፣ ጠበቀች፣ ፋሻውን አነሣች።

«ጠርዙ ሲያብጥ ስምንት ወር አይቼዋለሁ» አለችው። «መዳን መስሎኝ ነው። ያኔ ለሐኪም ባሳይህ፣ ቁስሉን ብቻ ቆርጠው ከጭንህ ቆዳ ወስደው ይሸፍኑት ነበር፤ ምናልባት።»

«ተይ እንጂ፣ የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ! ዱሮ ቆዳ እንለጥፍልህ ሲሉኝ፣ ሥራዬን ማን ይሠራልኛል ብዬ የጠፋሁት እኔ ነኝ።»

«እሱ ያንተ ነው። ይሄኛው የኔ ነው።»

በክርኑ ተደግፎ ቀና አለና ቁስሉን አየ።

«ስምንት ወር?» አለ።

«ስምንት።»

«ያን ላስቲክ እያሳየሽኝ? እኔም እየሳቅሁ?»

«አዎ።»

አዲሱን ፋሻ አስራ እስክትጨርስ መስኮቱን ሲያይ ቆየ። ሱሪውን ራሱ አወረደ። «ለሚስቴ እንዴት አድርጌ ልንገራት?» አለ፤ ነርሷን መጠየቁ ግን አልነበረም። ሌላ ጊዜ በሩ ላይ ቆሞ አንድ ቀልድ ጣል ሳያደርግ አይሄድም ነበር። በሩን በቀስታ ዘግቶ ወጣ።

ቀዶ ጥገናው ሐሙስ ነው። እግሩ ከጉልበቱ በታች ይቆረጣል፤ ብሽሽቱ ላይ ያበጠ እጢ ስለተገኘም፣ ካንሰሩ ተዛምቶ እንደሆነ ለማየት ወጥቶ ይመረመራል። ከዚያ በኋላ ቁስሉ እንዲታጠብለት የጠየቀው እሷ ዘንድ ሳይሆን ጋራዡ አጠገብ ባለው ጤና ጣቢያ ነው።