ለኮምፒውተሩ የጸለይኩ ዕለት

ነገሩ የሆነው ባለፈው የካቲት ነው። እስካሁን በለንደኑ ሰፈሬ በስትሪትሃም ሰማይ ላይ አውሮፕላን ሲያልፍ በሰማሁ ቁጥር ትዝ ይለኝና ብቻዬን እስቃለሁ። ያን ዕለት ግን አልሳቅሁም።

ልጄ ናትናኤል ረዳት አብራሪ ነው። አልኮራበትም ብል ውሸት ነው፤ ግን የወለድኩት እኔ ነኝና አውቀዋለሁ። መኪናዬን ወደ ኋላ ሲነዳ የጎረቤት አጥር ያፈረሰ፣ ሻይ ሳያፈስ ከኩሽና ሳሎን የማያደርስ ልጅ ነው። ስለዚህ የቤተ ክርስቲያን ጓደኛዬ አልማዝ፣ "አይዞሽ፣ ዘንድሮ የሚያበረው ኮምፒውተሩ ነው፤ እነሱማ ቁጭ ብለው ነው" ስትለኝ ቅር አላለኝም። እንዲያውም ደስ አለኝ። በረቡዕ የጸሎት ቡድናችን ርዕስ አስያዝኩ፤ የናቲ አውሮፕላን ኮምፒውተር እንዳይበላሽ። ሁሉም አሜን ብለው ጸለዩልኝ።

ከዚያ ሮም ያለችውን እህቴን ልጠይቅ ሄድኩ። ስመለስ ሆን ብዬ የእሱን በረራ መረጥኩ። ልጄ በሚያበረው አውሮፕላን ስሳፈር የመጀመሪያዬ ነበር።

ለንደን ስንቃረብ ነፋሱ ጉድ ነው። አውሮፕላኑ ይዘላል፣ ወደ ጎን ይንሸራተታል። የቤቶቹ ጣሪያ ቁልጭ ብሎ ከታየን በኋላ ሞተሩ በድንገት አጓራና ተመልሰን ሽቅብ ወጣን። አጠገቤ የተቀመጠችው የማላውቃት ሴት እጄን ጨበጠችኝ። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ፣ "ጌታ ሆይ፣ ኮምፒውተሩን ጠብቅልኝ፤ ልጄ ምንም እንዳይነካ አድርግልኝ" እያልኩ ነበር።

ዞረን ተመለስን። በሁለተኛው ሙከራ ጎማው መሬቱን በኃይል መታው፣ ተንገጫገጭን፣ ከዚያ ቀስ እያልን ቆምን። ሰዉ አጨበጨበ። እኔ ግን ሁሉም ወርዶ እስኪያልቅ ከመቀመጫዬ አልተነሳሁም።

ናቲ ከአብራሪዎቹ ክፍል ወጥቶ መጣ። ሸሚዙ በላብ ጀርባው ላይ ተጣብቋል።

"እማዬ፣ ደነገጥሽ እንዴ?"

"ኮምፒውተሩ ተበላሽቶ ነው?"

"ኧረ ደህና ነው። ግን እሱ በራሱ የሚያሳርፍበት የነፋስ ሊሚት አለው። ዛሬ ዊንዱ ከዚያ በላይ ስለነበር ኦቶፓይለቱን፣ ያው ኮምፒውተሩን፣ ኦፍ አድርጌ በእጄ ነው ያሳረፍኩት። ኦፍ ስታደርጊው እያንዳንዱ ግፊት እጅሽ ላይ ይሰማሻል። መጀመሪያ ስላልተስተካከለልኝ ማረፉን ትቼ ወደ ላይ ወጣሁ። እንደዚያ ነው የሚደረገው።"

"አንተ? በእጅህ?"

"ታዲያ በማን እጅ?"

ያንን ሻይ የሚያፈስ እጅ በሁለት እጄ ይዤ አለቀስኩ። ሁላችንም በሕይወት ነበርን። ለካ ስንቱን ሰው ይዞ ነው የወረደው፤ እኔ ደግሞ ምንም እንዳይነካ እየለመንኩ ነበር።

በቀጣዩ ረቡዕ ቡድናችን የጸሎት ርዕሴን እንዲለውጥልኝ ጠየቅሁ። አልማዝ፣ "ኮምፒውተሩስ?" አለችኝ።

"እሱማ ሲከብደው ለልጄ ይሰጠዋል" አልኳት።

አሁን ናቲ በረራ ሲኖረው ለእጆቹ እጸልይና እፎይ ብዬ እተኛለሁ። የመኪናዬን ቁልፍ ግን አሁንም አልሰጠውም።