ንጉሡ የወጣበት መዝሙር

የሰበካ ጉባኤያችን ጸሐፊ ፈሪ ሰው ነበር። መፍራት በደርግ ጊዜ ነውር አልነበረም፤ ድሬዳዋ ውስጥ ያልፈራ ማን ነበር? የእሱ ግን የተለየ ነው፤ ደረቱን ነፍቶ፣ እየተቆጣ ነበር የሚፈራው። ጠዋት ቀበሌ ውይይት ላይ እጁን ወደ ላይ ሰንዝሮ መፈክር ያሰማል፤ ከሰዓት ቤተ ክርስቲያን መጥቶ፣ ነጠላውን እያስተካከለ፣ እኛን የሰንበት ተማሪዎችን ያዘናል።

በዚያ ዓመት ለእመቤታችን በዓል ከዳዊት መዝሙሮች አንዱን፣ የንጉሡን ሠርግ የሚናገረውን፣ በትርኢት ልናሳይ ተነሣን። ያስጠኑን የኔታ ነበሩ፤ ቅጥር ግቢው ጥግ ባለች አንዲት ክፍል የሚኖሩ፣ ከዚያች ክፍልና ከእኛ በቀር ምንም የሌላቸው ሽማግሌ። መዝሙሩ ውስጥ ማን ምን እንደሆነ ቀስ ብለው አስረዱን። መጀመሪያ የሚናገረው ባለቅኔው ነው፤ ሥራው ንጉሡን ፊት ለፊት ማመስገን ነው። ንጉሡ ሰይፍ ታጥቆ ይቀመጣል፤ ዙፋኑ የጸናለትም ጽድቅን ስለሚወድ ነው። ንግሥቲቱ ወርቅ ለብሳ በቀኙ ትቆማለች። ደናግሉ ይከተሏታል፤ የባዕድ አገር ባለጠጎች እጅ መንሻ ይዘው ይመጣሉ። “ንጉሡ ጌታችን ነው፤ ንግሥቲቱ እመቤታችን ናት” አሉን። ለልጅም የሚከብድ ነገር አልነበረውም።

እኔ ባለቅኔው ሆንኩ። ያን ሁሉ ንባብ በቃሏ የምትችል ሌላ ልጅ አልነበረችም። ንግሥቲቱማ አንድም ቃል ስለማትናገር ለጸሐፊው ልጅ ተሰጠች፤ ተገቢ ምደባ ነበር።

በዓሉ ሦስት ቀን ሲቀረው ጸሐፊው ልምምዳችንን ሊያይ መጣ። “ንጉሥ” የሚለውን ሲሰማ ላብ አጠመቀው።

“ንጉሡ ይውጣ!” አለ። “ሰይፉም ይውጣ። ንግሥቲቱ ትቆይ።”

የኔታ መጀመሪያ የሚቀልድ መስሏቸው ነበር። “ጌታ ነው እኮ ልጄ፤ ከዙፋን የወረዱት ጃንሆይ አይደሉም።”

“እሱን ቀበሌ ሄደው ያስረዱ!”

“እንግዲያው ንጉሡ ከወጣ እኔም እወጣለሁ” አሉ። ድምፃቸውን ከፍ እንኳን አላደረጉም።

ጸሐፊው ወደ እኔ ዞረ። “ያለ ንጉሡ ትይዋለሽ? ወይስ ትርኢቱ ይቅር?” እምቢ ካልኩ ትርኢቱ እንደሚቀር፣ የኔታም ክፍላቸው ውስጥ እንደሚቆዩ ሁላችንም ገብቶናል። የኔታ አዩኝ።

“እለዋለሁ” አልኩ።

በበዓሉ ቀን አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። የጸሐፊው ልጅ በሚያብረቀርቅ የኮንትሮባንድ ጨርቅ አጊጣ ከባዶ ወንበር በስተቀኝ ቆመች። ልብሱን የሰፉልን ሙስሊም ጎረቤታችን ሥራቸውን ሊያዩ መጥተው ነበር። “አቦ፣ ሙሽራው የታለ?” አሉ ጮክ ብለው። ከተሰበሰበው ምእመን ሁሉ መዝሙሩ የገባቸው እሳቸው ብቻ ነበሩ። ጸሐፊው ሳቀ፤ ያን ጥርስ ብቻ የሆነ፣ የሚያስጠላ ሳቁን። ካህናቱም ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ወለል ወለሉን አዩ። እኔ ወንበሩ ፊት ቆሜ የወንበሩን ውበትና ጀግንነት አወደስኩ። ተጨበጨበልኝ።

የኔታ ከበዓሉ በፊት ዳዊታቸውንና ብርድ ልብሳቸውን ይዘው ወጥተዋል። ከወር በኋላ ደቻቱ ድልድይ ላይ አገኘኋቸው፤ ከስተዋል፣ የሰው በረንዳ ላይ ነበር የሚያድሩት። ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ ስል ቀና አደረጉኝ።

“አልተሳሳትሽም?” አሉኝ።

“አልተሳሳትኩም የኔታ። አንድም ቃል።”

“ጎሽ” አሉ፣ ከልባቸው ደስ ብሏቸው።

ጸሐፊውን እስከ ዛሬ እንቀዋለሁ። ግን እሱ የሚያሳድጋቸው ልጆች ነበሩት፤ ይዘው ቢያስሩት የሚያጣው ነገር ነበረው። እኔን ማንም አላስፈራራኝም። እለዋለሁ ያልኩት ያጠናሁት በከንቱ እንዳይቀርብኝ ብዬ ነው።