የአዴር ኤልሚ ግድግዳ

ጅግጅጋ ውስጥ ልጅ ሳለሁ፣ ያኔ መብራት ከሚኖርበት ምሽት የማይኖርበት ሲበዛ፣ ከመግሪብ በኋላ የሰፈሩ ልጆች የምንሰበሰበው ጎረቤታችን አዴር ኤልሚ ቤት ነበር። «አዴር» በሶማሊኛ አጎት ማለት ነው፤ ሁላችንም እንዲያ ነው የምንጠራቸው። ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል። ሻሂው የተጣደበት ከሰል ፍም ብሎ፣ ፋኖሱ ጭሱን ወደ ጣሪያው እየላከ፣ እሳቸው ግማሹን በሶማሊኛ ግማሹን በአማርኛ ተረት ያወሩልን ነበር። በተረታቸው ውስጥ ቀበሮ የምትናገረው በሶማሊኛ ነው፤ ሞኙ ጅብ በአማርኛ። አባቴ ሰይድ ከወሎ የመጣ ግንበኛ ነው። ሊወስደኝ ሲመጣ በር ላይ ቆሞ ይሰማና፣

«አዴር፣ ዛሬም ጅቡ የኛ አገር ሰው ነው?» ይላል።

«ምን ላድርግ ሰይድ፣ ሲርበው የሚመጣው ወደ ጅግጅጋ ነው።»

ከሁላችንም በላይ የሚስቀው አባቴ ነበር።

የአባቴ ሥራ አሮጌ ቤት ማደስ ነው። ሰው ደግሞ ቤቱን ለግንበኛ መስጠት ይፈራል፤ ግማሹን አፍርሶ የጠፋ ስንቱ አለ። ስለዚህ አባቴ መጀመሪያ አንዲት ጥግ ብቻ ይሠራና «ሳምንት እዩት፤ ካልወደዳችሁት እንደነበረ እመልሰዋለሁ» ይላል። ወሬ አያውቅም፤ የታመነው በዚህች ነው።

አንድ ጊዜ አዴር ወደ ሀርሺን ከተማ ዘመድ ጥየቃ ሄዱ። አብራቸው የምትኖረው ልጃቸው ሆዳን አባቴን ጠራችው። ቤቱ የድንጋይና የጭቃ ነው፤ አዴር ዓይናቸው ሳይጠፋ በእጃቸው የሠሩት፣ ግድግዳው ሁሉ ጉብታና ጎድጓዳ።

«ጋሼ፣ ሲመለሱ አምሮ ይጠብቃቸው» አለችው።

ጥጓን ሠርቶ አሳያት፤ ወደደችው። ከዚያ ቤቱን በሙሉ በሲሚንቶ ለሰነና ቀለም ቀባው፤ እንደ እንቁላል ልስልስ አለ። እኔ ለልጆቹ ሁሉ «የአባቴ ሥራ ነው» እያልኩ ራት እንኳ አላስበላቸውም ነበር።

አዴር የተመለሱ ቀን ፊታቸውን ለማየት ተከትለናቸው ገባን። እንደ ልማዳቸው እጃቸውን ግድግዳው ላይ አሳርፈው ጥቂት ሄዱ። ቆሙ። ወደ ኋላ ተመልሰው እንደገና ዳበሱ።

«ሆዳን፣ የማን ቤት ነው ያመጣሽኝ?»

ያኔ ነው የገባን። ጉብ ያለችው ድንጋይ የውሃው በርሜል ጋ መድረሳቸውን ትነግራቸው ነበር፤ ስንጥቋ አልጋቸውን፣ ጎድጓዳዋ በሩን። አባቴ እሳቸውን አልጠየቀም። ጥጓን አይታ እሺ ያለችው ሆዳን ናት፤ ሆዳን ደግሞ ዓይን አላት።

በማግስቱ መሮና መዶሻ ይዞ ሄደ። እንደነበረ እመልሰዋለሁ ብሎ ቃል የሚገባ ሰው ነውና፣ ሲሚንቶውን እየፈለፈለ ስንጥቅ፣ እየጨመረ ጉብታ ሊሠራ ሞከረ። አዴር ይዳብሱና በቀስታ፣ «ይሄኛው ያንተ ነው ሰይድ። የኔ አይደለም» ይሉታል። ሦስት ቀን እንዲህ ሆነ። በአራተኛው እጁን ያዙት።

«ተወው ልጄ፤ ለኔ ብለህ ቤቱን አታቁስለው።»

ከዚያ በኋላ በገዛ ቤታቸው ውሃ ጋ ለመድረስ ሰው መጥራት ግድ ሆነባቸው። ተረት ስንጠይቃቸው «ረሳሁት» ይሉናል። ብዙም ሳይቆዩ ሀርሺን እህታቸው ጋ ጠቅልለው ሄዱ፤ እዚያው አረፉ።

የሚገርመው፣ ሰው የሆዳንን ግድግዳ ለማየት ይመጣ ጀመር። እየዳሰሱት «ማሻላህ፣ ለኛም እንዲህ ሥራልን» ይሉታል። አባቴ አብሯቸው አይገባም፤ ውጭ ፀሐይ ላይ ቆሞ ይጠብቃቸዋል። ሥራውን ግን ይቀበላል፤ እኛ መብላት ነበረብን። አዲስ ቤት በሄደ ቁጥር ደግሞ መጀመሪያ «እዚህ ሌላ ማን ይኖራል?» ብሎ ይጠይቃል፤ አልጋ ላይ ያለችውን አሮጊት፣ የሚድኸውን ሕፃን ሳይቀር ያያል። ሰው ይሄን ሲያይ ይበልጥ አመነው። የት እንደተማረው ጠይቀውት አያውቁም፤ እሱም አልነገራቸውም።

እኔ ያኔ ልጅ ነኝ። ሥራ ስለበዛ ለዒድ አዲስ ጫማ ተገዛልኝ። እሱን አድርጌ ሰፈሩን ስዞር፣ አዴር ይቀመጡበት በነበረው ደጅ አልፌ እንኳ ቀና ብዬ አላየሁም። ዛሬ ተረቶቹ ጠፍተውብኛል፤ ጅቡም ቀበሮዋም። ጫማው ግን አልጠፋኝም። ቡናማ ነበር፤ ትንሽ ይሰፋኝ ነበር።