የቦሎቄ በሶ

መጀመሪያ ያጋለጠኝ በርጩማ ነው። ለቅሶ ቤት ተቀምጬ ቆየሁና ሰዎቹ ሲነሡ እኔ አቃተኝ። ጭኔ እንቢ አለ። ሕመም የለውም፤ ጉልበትም የለውም። አጠገቤ የነበረችውን ሴትዮ ትከሻ ይዤ ቆምኩ። ሐዘን የጣለኝ መስሏት «አብሽሪ» አለችኝ።

ከዐረብ አገር ወደ መካነ ሰላም የተመለስኩት አጥንቴ እስኪቆጠር ከስቼ ነበር። እኛ ዘንድ ከዐረብ አገር ከስቶ መመለስ ነውር ነው፤ ጠያቂ በመጣ ቁጥር እናቴ ነጠላ ታከናንበኝ ነበር። ይህን ያየች የአባቴ እኅት ሰዓዳ ሁለት ነገር ይዛ መጣች። አንዱ ከገበያ በወረቀት ተጠቅልሎ የተሸጠላት፣ ስም የሌለው የማወፈሪያ ኪኒን ነው። ሌላው የቦሎቄ በሶ ነው። ቦሎቄ ገላ እንደሚያበጅ ከሬዲዮ ሰምታለች፤ በሶ መሥራት ደግሞ ከልጅነቷ ታውቃለች። እናም ገብሱን እንደምታደርገው ቦሎቄውን ለስሙ ያህል አምሳ፣ አስፈጭታ፣ በውሃ በጥብጣ ሰጠችኝ።

እናቴ ቀምሳ «ጥሬ ጥሬ ይላል እኮ» አለች።

«እሳት ካየው ምን ለየው!» አለቻት ሰዓዳ። ከተረት ጋር ማን ይከራከራል።

በሶውን በጠጣሁ ቁጥር ያስመልሰኛል፣ ያስቀምጠኛል። ሰዓዳ «ደዌው እየወጣላት ነው» አለች። ኪኒኑ ግን ሠራ። ፊቴ ክብ ሆነ፣ ጉንጬ ወዛ። «ማሻ አላህ፣ አማረብሽ!» የሚለኝ በዛ። እናቴም ነጠላውን ከላዬ አነሣች። ከበርጩማ መነሣት ያቃተኝ በዚያው ሰሞን ነው።

ቀጥሎ ዳገት አቃተኝ። ቀጥሎ መጸዳጃ ቤት ቁጢጥ ብሎ መነሣት። እናቴ በብብቴ ይዛ አነሣችኝ። እንደ ሕፃን። ሆዴ ተነፍቷል። እግሬ ጭራሮ ሆኗል። ሁለተኛ አልራመድም አልኩ። አልቅሼም አልወጣልኝ።

ሆስፒታል ያገኘኋት ሐኪም ሌላው ሁሉ ያደነቀውን ፊቴን አየችና ፊቷ ጠቆረ። ጭኔን ጨበጥ አደረገች። ደም አስመረመረች።

«ኪኒኑ ዴክሳሜታሶን ይመስለኛል፤ ስቴሮይድ ነው» አለችኝ። «የወፈርሽው በውሃና በስብ ነው። ጡንቻሽን እየበላብሽ ነው።»

የበሶውን ነገር ስነግራት ጭራሽ ተቆጣች። «ቦሎቄ እንደ ገብስ አይደለም! ሌክቲን የሚባል ነገር አለው። ተዘፍዝፎ፣ ውሃው ተደፍቶ፣ በደንብ ተንተክትኮ ካልበሰለ አንጀት ላይ ይጣበቃል። በእንስሳት ላይ ታይቷል፤ አንጀታቸው እየወፈረ ጡንቻቸው ይከሳል። አንቺን ይህን ያህል ጎድቶሻል ብዬ መናገር አልችልም። ትውከትና ተቅማጡ ግን ከእሱ ነው።»

«ኪኒኑን ዛሬውኑ እጥለዋለሁ» አልኳት።

«እንዳታደርጊው! ኪኒኑን ተማምኖ ሰውነትሽ የራሱን ሆርሞን መሥራት ትቷል። ባንዴ ብታቆሚ ትሞቻለሽ።»

ገዳዬን እየቀነስኩ መዋጥ ነበረብኝ። ከሁሉ የመረረኝ ይህ ነው።

በሶውን ከተውኩ በኋላ ሆዴ ቶሎ ረጋ፤ እግሬ ግን ቀስ እያለ፣ እያሾፈብኝ ነው የመጣው። ሐኪሟ በለወጠችልኝ፣ ፕሬድኒሶሎን በሚባል የዚያው ዘር መድኃኒት መጠኑን እየቀነስኩ፣ እንቁላልና በደንብ የበሰለ ሽሮ እየበላሁ፣ በአልጋው ጠርዝ ብድግ ቁጭ ማለትን እንደ ሥራ ይዤ ወራት ቆጠርኩ። ፊቴ ሲጎድል እግሬ ሞላ። ሰዓዳን ይቅር ብያለሁ እላለሁ፤ ውሸቴን ነው፣ ገና ነው። ኪኒኑን በወረቀት ጠቅልሎ የሚሸጠውን ሰው ግን እስካሁን እረግመዋለሁ።

አልሐምዱሊላህ፣ ዛሬ እሄዳለሁ። ሐኪሟንና እናቴን አላህ ይጠብቅልኝ። ይህን የምታነቢ፣ ከስተሽ የተመለስሽ እኅቴ፦ ስሙን የማታውቂውን ኪኒን አትዋጪ፤ ጀምረሽ ከሆነ ደግሞ ራስሽ አታቁሚው፣ ሐኪም ጋ ሂጂ። ቦሎቄንም እሳት ስላየ ብቻ አትመኚው። «አማረብሽ» ሲሉሽ ከበርጩማ ተነሥተሽ እዪ።

ባለፈው ያቺው የለቅሶ ቤቷ ሴትዮ ልትጠይቀን መጣች። ገና ከበሩ «ውይ! ምን ነካት ልጅሽ፣ እንዲህ የከሳችው?» አለች።

እኔ ምንም ሳልይዝ ከበርጩማዬ ተነሥቼ ልስማት ሄድኩ። እናቴ ነጠላ ልታከናንበኝ አልተነሣችም።

«ድና ነው» አለቻት።