ተቀምጬ ለማጨድ

ጂንካ የመጣሁት መንግሥት በተለወጠ ሰሞን ነው። የውጭ ሰዎች ከሚኖሩበት አንድ ግቢ አትክልተኛ ሆኜ ገባሁ። እዚህ አገር ዝናብ ከጀመረ ሳር አይቻልም፤ ከኋላህ ሆኖ እየሳቀ ይበቅላል። በዚያ ግቢ አንዲት ትንሽ የሳር ማጨጃ ትራክተር ነበረች። የግቢው ጌታ ቅዳሜ ቅዳሜ ይቀመጥባትና፣ ሻዩን በአንድ እጁ ይዞ፣ ሰፊውን ሜዳ ዞር ዞር ብሎ ይጨርሰዋል። እሷ የማትደርስበት የአጥር ጥግ የእኔ ነበር፤ በማጭድ። ወገቤን ይዤ ቀና ባልኩ ቁጥር እሱ እያፏጨ ያልፋል። እኔም አንድ ቀን ተቀምጬ አጭዳለሁ አልኩ፣ በልቤ።

ሰዎቹ ወደ አገራቸው ሲገቡ ግቢውም ትራክተሯም ለአንድ መሥሪያ ቤት ቀሩ። መሥሪያ ቤቱ ሳሩን ለላም ለቀቀው፣ ትራክተሯን መጋዘን ከተታት። የእኔም ጠጉር ነጣ። ከብዙ ዓመት በኋላ «አገልግሎት የማይሰጡ ንብረቶች» ተብሎ ጨረታ ሲወጣ፣ ሰው ሁሉ ወንበርና ቆርቆሮ ላይ ሲረባረብ፣ እኔ ሄጄ ትራክተሯ አጠገብ ቆምኩ። መቀመጫዋ ላይ ዶሮ ታቅፋለች።

«አባባ፣ ይቺ እኮ አትሠራም» አለኝ የንብረት ክፍሉ ልጅ።

«እኔም ጡረታ ወጥቻለሁ፤ እንግባባለን» አልኩት።

ሌላ ተጫራች ስላልነበረ አሸነፍኩ። በጋሪ አስጭኜ ቤት ስደርስ ባለቤቴ በር ላይ ቆማለች።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ትራክተር።»

«እርሻችን የት ነው?»

«የሳር ናት።»

«ሳራችንስ?»

እውነቷን ነው፤ የግቢያችን ሳር የአንድ በግ ቁርስ አይሆንም ነበር። ጋሪውን ማራገፍ ጀመርኩ።

አንድ ቀን ወደ ኮልቾ መንደር የሚሄዱ ጎብኚዎች ጎማቸው ተንፍሶ ደጃችን ቆሙ። አንዱ ፈረንጅ በበሩ ስንጥቅ ትራክተሯን አየና ዘሎ ገባ። ኮፋኖዋ ፊት ተንበርክኮ ትንሽ ቁጥር የተቀረጸባትን ብረት በጣቱ ጠረገ። አስጎብኚው ተረጎመልን፤ «ፋብሪካው በዓሉን ሲያከብር በልዩ ሁኔታ የሠራት ናት፤ እንዲህ ያለች የተሠራችው ጥቂት ብቻ ነው ይላል።»

«ጥቂት ብቻ በመሥራታቸው ጌታ ይባረክ!» አለች ባለቤቴ።

ፈረንጁ ቀለሟን እንዳንነካ ለመነን። ከበሩ የተረፈኝን አረንጓዴ ቀለም ከፍቼ ቡሩሹን ነክሬ ስለነበር ቆርቆሮውን በእግሬ ቀስ ብዬ ከበርሜሉ ኋላ ገፋሁት።

እንዲህ እያለ የሴት ልጄ ሠርግ ተቆረጠ። ዳሱ የሚተከለው ደግሞ ሌላ ቦታ የለም፣ ልክ ትራክተሯ በቆመችበት ነው። ባለቤቴ ፍርዷን ሰጠች። «ዳስ ከመተከሉ በፊት በራሷ እግር ካልወጣች፣ በቁራሌው ጫንቃ ትወጣለች!»

ሞተር ሳይክል የሚጠግን መካኒክ ጎረቤት አለኝ፤ ለመንኩት። ካርቡሬተሩን አጠበ፣ የሞተር ሳይክል ካንዴላ አስገባ፣ አስነሳት። ጮኸች። ግን ንቅንቅ የለም።

«ፋዘር፣ ሞተሯ ጤነኛ ነው» አለኝ። «ማጨጃውን የሚያዞረው ቺንጋ አለ። ጎማውን የሚያዞረው ግን ተበጥሶ ወድቋል። እሱን አርባ ምንጭ ድረስ ብትሄድም አታገኘውም።»

«ልክ እንደ አንተ ናት፤ ድምፅ ብቻ» አለችኝ ባለቤቴ ከጓዳ።

ሐሙስ ቀይ አፈር ገበያ ወረድኩ። እዚያ የድሮ ወዳጄ የሆነ አንድ የበና ሽማግሌ አለ፤ ጠፍር እንደ እሱ የሚያወጣ የለም። የተበጠሰውን ቺንጋ ልክ የለካሁበትን ገመድ አሳየሁት። ከበሬ አንገት ቆዳ ላይ ስፌት የሌለው አንድ ክብ አውጥቶ ሰጠኝ፤ እንደ ወጉም እንዲለሰልስ በቅቤ አሸው። ቤት ወስጄ ከመካኒኩ ጋር ስናስገባው ቅቤው አንሸራተተና ሞተሯ ብቻዋን ዘፈነች። ቅቤው እንዲመጠጥ አጥር ላይ ሰቀልኩት። ጠዋት ስነሳ አጥሩ ባዶ ነው። ውሻዬ ሆዱን ነፍቶ ፀሐይ ይሞቃል።

በሚቀጥለው ሐሙስ ይህን ስነግረው ወዳጄ ከበርጩማው ሊወድቅ ደረሰ። «አንተ ሽማግሌ፣ ውሻህ ሀብታም ነው! ቁርሱ በሬ ነው!» አዲስ አወጣልኝና፣ «ይሄን ቅቤ አታስነካ። በርበሬ እሸው፤ ማንም አይበላውም» አለኝ።

ቤት ስመለስ ለሠርጉ የተፈጨው በርበሬ ሰሌን ላይ ተሰጥቷል። ጭብጥ አድርጌ ቆዳውን አሸሁት። ውሻው አንዴ አሸተተና ጎረቤት ሄዶ ዋለ።

የዳሱ እንጨት የመጣ ዕለት ቁራሌውም መጣ፤ ባለቤቴ ነች የጠራችው። ትራክተሯን እየዞረ በጣቱ ቆረቆራት። «እማማ፣ ሙሉዋን አትነሳም፤ እዚሁ እንቆራርጣት።» መጋዙን አወጣ። ከሥሯ ተኝቶ የነበረው መካኒክ በርበሬ የታሸውን ቺንጋ አጥብቆ ጨረሰ። እኔ ወጣሁና ተቀመጥኩ።

ሞተሯ ተነሳች። ቺንጋው ያዘ። ጎማው አንድ ጊዜ ዞረ፣ ደገመ። ወዲያው ቆዳው ሞቀና ከሥሬ ቀላ ያለ ጭስ ተነሳ። መጀመሪያ ያስነጠሰው ቁራሌው ነው፤ ቀጥሎ መካኒኩ፣ ቀጥሎ ዳስ ተካዮቹ በሙሉ። እኔ ዓይኔ በእንባ ጠፍቶ መሪውን ብቻ ይዤ በበሩ ወጣሁ። ከቦዩ ዳር ረጅም ሳር አለ፤ ማጨጃውን ለቀቅሁበት። ሳሩ በጎን እየተረጨ ወደቀ። ተቀምጬ! እያስነጠስኩ፣ ግን ተቀምጬ።

«ወጡ ከአሁኑ ተጀመረ እንዴ?» አለች አንዲት ጎረቤት አፍንጫዋን ይዛ።

ባለቤቴ ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ ደረሰች። አንዴ ሳብ አደረገችና ቆመች። «ይሄ የእኔ በርበሬ ነው!»

«ጥቂት ነው የወሰድኩት።»

«እማማ፣ እንጫን ወይስ?» አለ ቁራሌው ከኋላዋ፣ ዓይኑን እያሸ።

የታጨደውን ሳር አየች፤ እኔን አየች፤ ሦስቴ አከታትላ አስነጠሰችና ሳቋ አመለጣት። «በርበሬዬን የጠጣ ዕቃ ለማንም አልሰጥም። ሂድ ልጄ፣ መጋዝህን ያዝ።»

እኔ ልወርድ እግሬን ሳነሳ እጇን አወናጨፈች።

«አንተ ደግሞ አትውረድ! እስከ ጎረቤት ግቢ ንዳት፤ ሠርጉ እስኪያልፍ እዚያ ትቆማለች፤ እኔ በሩን አስከፍታለሁ» አለችኝና፣ ጭሱ በማይነፍስበት በኩል ሆና ከፊቴ ሄደች።