የተነቀለው የዱር ስንዴ

ማክሰኞ ከትምህርት ቤት ስወጣ ሚካል ደወለችልኝ። "ቅጠላቸው ንጹሕ ነው! አንድ ነጥብ የለባቸውም!" አለችኝ። ፌርማታው ላይ ጮህኩ። አጠገቤ የቆሙ እናት ደንግጠው "ምነው ልጄ፣ ሰው ሞተብሽ?" አሉኝ። "የለም እማማ፣ ስንዴ ተረፈልን" አልኳቸው። ትክ ብለው አዩኝና ፈቀቅ አሉ።

ሚካል እስራኤል ውስጥ ከቂርያት ጋት ከተማ ወጣ ብሎ ባለ የዘር ማሻሻያ ጣቢያ የሐማማው ኃላፊ ናት። ሐማማ የምንለው በላስቲክ የተሸፈነውን የተክል ቤት ነው። እኔ ከትምህርት በኋላና በእረፍት ቀን እዚያ እሠራለሁ። የሥራ ዘመን ትዝታ ለመጻፍ ዕድሜዬ አይፈቅድም፤ ግን መጻፍ እንደምችል ያወቅሁት በቅርቡ ነውና ዝም ብዬ አልቀመጥም።

የመጀመሪያ ቀን ሚካል ወረንጦ ሰጠችኝ። "ስንዴ ወንዱም ሴቱም አንድ አበባ ውስጥ ነው። ካልቀደምሽው ራሱን በራሱ ያዳቅላል" አለች። ዛላውን ከፈት አድርጎ የወንዱን ክፍል ሳይፈነዳ መልቀም፣ ዛላውን በወረቀት ከረጢት መሸፈን፣ ቀናት ቆይቶ ከሌላ ተክል የመጣ የወንድ ዘር ብናኝ መነስነስ። ሥራው ይሄ ነው። ያን ቀን ከነካሁት ዛላ ብዙው እጄ ላይ ተሰበረ።

ከሌላው ስንዴ መሃል በየባልዲው የተተከለ የዱር ስንዴ ነበረን። ቀጭን ነው፣ ጸጉራም ነው፣ ሲደርስ ዛላው ፍርክስክስ ብሎ ይረግፋል። የምንበላው ስንዴ የመጣው ከእሱ ነው። የጥንት ሰዎች የማይረግፈውን እየመረጡ ዘሩ፤ ፍሬው ወፈረ። ግን ከጂኖሙ፣ ማለትም ተክሉ ከወላጆቹ ከሚወርሰው ሙሉ መመሪያ፣ ብዙ ነገር በዚያው ቀረ። ቅጠሉን ዝገት የሚያለብሰውን ዋግ የሚቋቋመው ቁራጭም አብሮ ቀረ። እኛ እሱን ከዱሩ ወስደን ለእርሻው ስንዴ ልንመልስ ነው የምንደክመው።

ባለፈው ዓመት በብርድ ወራት አያ ታከለ የሚባሉ ገበሬ መጡ። ከጎንደር ከመጡ ብዙ አልቆዩም ነበር፤ ሠራተኛ አቅራቢው ድርጅት ለሙከራ ነው የላካቸው። ዕብራይስጥ ገና አልያዙም፤ የሚያወሩት ከእኔ ጋር ብቻ ነበር። ወረንጦዬን ሲያዩ "አንቺ ልጅ፣ የስንዴ ቅንድብ ነው የምትነቅይ?" ይሉኛል።

አንድ ጠዋት፣ እኔ ትምህርት ቤት ሳለሁ፣ ሜናሄሉ፣ የሥራ አለቃው ማለት ነው፣ አንድ አረም ነቅሎ አሳያቸውና የሐማማውን ዙሪያ በእጁ ጠቁሞ ሄደ። ቋንቋቸው ያ ነበር።

እኔ ስደርስ የዱሩ ስንዴ በሙሉ ተነቅሎ፣ እንደ ነዶ ታስሮ በር ላይ ተቀምጧል። ልቅም ያለ ሥራ ነው። አያ ታከለ ላባቸውን እየጠረጉ "ስንዴው አሁን ተነፈሰ፣ አየሽ?" አሉኝ። በእሳቸው አገር ስንዴ መሃል እንዲያ ቀጥኖ የቆመ ነገር እንክርዳድ ነው፣ ወይ ስናር። ደህና ገበሬ አያልፈውም።

ሚካል መጣች። አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። "ንገሪው" አለችኝ።

"አያ፣ እሱ አረም አልነበረም። እሱን ነበር የምንፈልገው።"

"አረሙን?"

"አዎ። ለዘር።"

ነዶውን አዩት። ከዚያ እጃቸውን። "ታዲያ ምነው አንድ ሰው ባሳየኝ?" አሉ። ይህንንም ለሚካል ተረጎምኩ።

ነዶውን ፈታችና "ውሃ!" አለች። አያ ታከለ በባልዲ ተሸክመው አመጡ። አገዳውን እየቆረጥን ውሃ ውስጥ አቆምነው። በማግስቱ አንዳንዱ ዛላ ብናኝ ሰጠ፤ አዘጋጅቼ በሸፈንኳቸው የእርሻ ስንዴ ዛላዎች ላይ ነሰነስኩት። አብዛኛው ደረቀ። ጥቂቱ የተጨማደደ ፍሬ ያዘ።

በሳምንቱ መጨረሻ ሜናሄሉ አያ ታከለ ከእንግዲህ እንዳይመጡ አለ። ሚካል ተከራከረች፤ አልሰማትም። ሌላ አስተርጓሚ ስለሌለ ያንንም የነገርኳቸው እኔ ነኝ። "አንቺ ምን ታደርጊ፣ መልእክተኛ ነሽ" አሉኝ፤ ጓንታቸውን አውልቀው አጥፈው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ከዚያ ወዲህ ሐማማው ውስጥ በአማርኛ የሚቀልድብኝ የለም።

የተጨማደደውን ፍሬ ዘራነው። ዱሩ መርገፉንም ይዞ ስለሚመጣ ልጆቹን መልሰን ከእርሻው ስንዴ ጋር አዳቀልናቸው። የእነሱን ችግኞች ደግሞ ሆን ብለን ዋግ ነሰነስንባቸው። ብዙዎቹ ብርቱካናማ ነጥብ አወጡና ወደ ቆሻሻ ሄዱ፤ በገዛ እጄ ነው የጣልኳቸው። የቀሩትን ላቦራቶሪው ከቅጠላቸው ጫፍ ቆንጥሮ መረመረ። የዱሩ ቁራጭ አለ፤ ቅጠላቸውም እስከ መጨረሻው ንጹሕ ሆኖ ቆየ! የማክሰኞው ስልክ ይሄ ነበር።

በዚያው ቀን ወደ ኢንዱስትሪ ቀጠናው ሄድኩ። አያ ታከለ አሁን አንድ ፋብሪካ ውስጥ ካርቶን ያሽጋሉ። ከሥራ ሲወጡ በር ላይ ጠበቅኳቸው።

"አያ፣ ተረፈ!"

"ማን?"

"ስንዴው። አንቱ የነቀሉት፣ የእሱ ልጅ።"

"ዋግ አልነካውም?"

"አልነካውም።"

ፈገግ ሊሉ ነበር። "እኛን ዋግ ባዶ አውድማ ላይ አስቀምጦን ያውቃል" አሉ። "እሰይ። ለሚዘራው ሰው እሰይ።"

ዓርብ ጠዋት ችግኞቹን ውጭ ማሳው ላይ እንደምንተክል ነገርኳቸው፤ ሚካል እሳቸውም ይምጡ ማለቷን ጨመርኩ።

"አልመጣም ልጄ። እዚያ ስገባ እጄን አላምነውም።"

ሰርቪሳቸው መጣ። ተሳፈሩና በመስኮት ሳያዩኝ ሄዱ።

ከዚህ ሥራ የተማርኩት ይህ ነው፦ ለአዲስ ሠራተኛ የሚነቀለውን ብቻ ሳይሆን የማይነቀለውንም ማሳየት ያስፈልጋል።

ሚካል ሰው ጋብዢ ብላኛለች። ዓርብ ጠዋት ኑ። የትኛው የቱ እንደሆነ እኔው አሳያችኋለሁ። ከመካከላችሁ አያ ታከለን የሚያውቅ ካለ ግን፣ እባካችሁ፣ ብቻውን አይምጣ፤ እሳቸውንም ይዞ ይምጣ።